«ሥራ የለኝም ልጄ»፦ የዳሰሳ ጥናት ጥያቄ እንዴት ይጻፋል?

መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ነው። አንዲት እናት ቤት ገባሁ። እማማ ምጣድ ላይ ናቸው። ከጎናቸው የተደራረበ እንጀራ አለ፤ አርባ ያህል ይሆናል። በሩ ላይ ከምግብ ቤት የተላከ ልጅ ፌስታል ይዞ ይጠብቃል። እኔም በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና መጠይቁ ላይ ያለውን አነበብኩ፦ «እማማ፣ ሥራ አለዎት?»

«ሥራ እንኳ የለኝም ልጄ። ቤት ነው የምውለው።»

ይህን ብለው አክምባሎውን አነሡ፣ የበሰለውን አወጡ፣ ለልጁ ቆጥረው ሰጡትና ብሩን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። እኔ ደግሞ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ሪፖርቱ ሲወጣ የዚያ ሰፈር ሴቶች አብዛኞቹ «ሥራ አጥ» ተብለው ተጻፉ። እማማ አልዋሹኝም። ለእሳቸው «ሥራ» ማለት ቢሮ ገብቶ፣ ፈርሞ፣ በወር ደመወዝ መቀበል ነው። ያጠፋው ጥያቄው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር ግራ ሲያጋባኝ መጀመሪያ የማየው ጥያቄው እንዴት እንደተጻፈ ነው።

ይህን የምጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ተማሪዎች፣ በየመሥሪያ ቤቱ መጠይቅ ለሚያዘጋጁ፣ በጎግል ፎርምም ሆነ በቴሌግራም የሰው አስተያየት ለሚሰበስቡ ነው። የውጭ ጥናቶችን ዓመት የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

1. መልሱ ምን እንደሚሠራላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ

በእያንዳንዱ ጥያቄ ትይዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ይህን መልስ ሳገኝ የምወስነው ይህንን ነው።» መጻፍ ካቃታችሁ ጥያቄውን ሰርዙት። ሰው ሥራውን ትቶ ነው የሚያናግራችሁ። አንድ ሰዓት የሚፈጅ መጠይቅ መጨረሻ ላይ የሚገኘው መልስ «ቶሎ ይሂዱልኝ» የሚል መልስ ነው።

2. ቃሉ በሰዉ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አጣሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህንን ነው። ቀላል የሚመስሉት ቃላት ናቸው የሚያሳስቱት። እኔን ደጋግመው ያሳሳቱኝን አራቱን ላሳያችሁ።

«ሥራ»። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሥራን የሚለካው በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለፉት 7 ቀናት፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን ለክፍያ ወይም ለትርፍ የተሠራን በመቁጠር ነው። ይህንን ወደ ሰው ቋንቋ ስታመጡት እንዲህ ይሆናል፦ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን ሠርተዋል? ለምሳሌ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ጉሊት መቸርቸር፣ ልብስ ማጠብ፣ የቀን ሥራ፣ ድለላ።» ምሳሌዎቹን ከምታጠኑት ሰፈር ልቀሙ። እማማን እንዲህ ብዬ ጠይቄያቸው ቢሆን «እሱማ ይኸው እያየኸኝ!» ይሉኝ ነበር።

«ቤተሰብ»። «ቤተሰብዎ ስንት ነው?» ስትሉ አባወራው ጅዳ ያለውን ወንድሙንና ዱባይ ያለችውን ልጁን ይቆጥራል። ገንዘብ ይልካሉ፣ በየቀኑ ይደውላሉ፣ ቤተሰብ ናቸው፤ ልክ ነው። እዚያው ቤት የምታድረውን የቤት ሠራተኛ ግን ይተዋታል። ከገጠር ለትምህርት የመጣውን የእህቱን ልጅም እንዲሁ። እናንተ የምትፈልጉት በአንድ ቤት እየኖሩ ከአንድ ማዕድ የሚበሉትን ከሆነ ይህንኑ ጠይቁ። ከዚያም ጨምሩበት፦ «ሠራተኛ፣ ዘመድ፣ ሕፃን፣ ያልቆጠርነው ሰው አለ?» ይህች ጭማሪ ጥያቄ ስንት ሰው እንዳስገኘችልኝ!

«ልጅ»። «ስንት ልጆች አሉዎት?» ሲባል እናት በሕይወት ያሉትን፣ ምናልባትም አጠገቧ ያሉትን ብቻ ትናገራለች። የሞተባትን ማንሣት ያማታል። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ጥያቄውን ከፋፍሎ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው፦ አብረዋት የሚኖሩ ወንዶች ስንት፣ ሴቶች ስንት፤ ሌላ ቦታ የሚኖሩት፤ ከዚያ በመጨረሻ ተወልደው የሞቱት። በዚያ ቅደም ተከተል ሲጠየቅ ሐዘኑ በድንገት አይመጣባትም፤ ቁጥሩም ይሟላል።

«ቁጠባ»። «ይቆጥባሉ?» ስትሉ «ኧረ ከየት አምጥቼ!» ነው መልሱ። ያው ሰው ግን ቅዳሜ ዕቁብ ይጥላል። ዕቁብ ለብዙ ሰው ግዴታ ነው እንጂ ቁጠባ አይደለም፤ ሰው ቁጠባ የሚለው ባንክ ያለውን ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ጥሩ፦ ዕቁብ፣ ባንክ፣ ቴሌብር፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ሰው ዘንድ የተቀመጠ። ለእያንዳንዱ አዎ ወይም የለም ይመለስ።

3. ቃሉ የሚያመጣውን ስሜት መዝኑ

ሁለት ቃላት አንድ ነገር እየተናገሩ የተለያየ መልስ ያመጣሉ። የዚህ ነገር ጥንታዊ ምስክር ተመራማሪው ዶናልድ ረግ በ1941 ያወጣው ጽሑፍ ነው። አሜሪካውያን ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር በአደባባይ መደረጉን በተመለከተ ተጠየቁ። ለግማሾቹ «አገሪቱ ይህን መከልከል አለባት?» ተባለ፤ 54 በመቶው ይከልከል አሉ። ለሌሎቹ «መፍቀድ አለባት?» ተባለ፤ 75 በመቶው አይፈቀድ አሉ። አለመፍቀድና መከልከል በተግባር አንድ ናቸው። «መከልከል» ግን ሻካራ ቃል ነው፤ ሰው አፉ ላይ ሊያደርገው ያመነታል።

እኛ ዘንድ ቅርብ ምሳሌው «ጉቦ» ነው። «ጉቦ ሰጥተዋል?» ተብሎ ማን ደፍሮ አዎ ይላል? ወንጀል ተናዘዝ እንደማለት ነው። «የሻይ ሰጥተዋል?» ማለትን የሚመርጡ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ አልወደውም። ቃሉ ለስልሶ ነገሩን ያቀልለዋል፤ ለአስተናጋጅ የተሰጠ ጉርሻም አብሮ ሊቆጠር ይችላል። እኔ የተፈጸመውን እንዳለ መግለጽን እመርጣለሁ፦ «ባለፉት 12 ወራት ጉዳይዎን ለማስፈጸም ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ወይም ስጦታ እንዲሰጡ የጠየቀዎት ሠራተኛ ነበር?» መጀመሪያ ተጠይቀው እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንዳደረጉ። እንዲህ ሲሆን ሰዉ እንደ ተከሳሽ አይሰማውም።

ማሟያ ሐረግም ቃል ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል በጥር 2003 ስለ ኢራቅ ጦርነት ጠይቆ ነበር። ሳዳም ሁሴንን ከሥልጣን ለማውረድ ወታደራዊ እርምጃ ይወሰድ ወይ ሲባል 68 በመቶው ደገፉ። «በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች የሚጎዱበት ቢሆንም» የሚል ሲጨመርበት ደጋፊው 43 በመቶ ሆነ፤ ተቃዋሚው 48። ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚለኩት ግን ሌላ ሌላ ነገር ነው። «ሰፈራችን ሰፊ መንገድ ቢሠራ ይደግፋሉ?» ብላችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር «ቤታቸው ቢፈርስም ይደግፋሉ» ብላችሁ አትጻፉት።

4. በአሉታ አትጠይቁ

አማርኛ ውስጥ ይህ ጉዳይ የባሰ ነው። ይህን አስተውሉ፦

«ልጁን አላስከተቡትም?»
«አዎ።»

አስከትባለች ወይስ አላስከተበችም? በእኛ አነጋገር «አዎ» የተባለውን ማጽናት ነው፤ ስለዚህ «አዎ፣ አላስከተብኩትም» ማለት ይሆናል። መጠይቁ ላይ ግን ያሉት «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ናቸው። አንዱ ጠያቂ «አዎ» ሰምቶ «አዎ»ን ይሞላል፤ ሌላው ትርጉሙን አስቦ «አይ»ን ይሞላል። መረጃው እዚያው ተበላሸ፤ በኋላ ማንም አያቃናውም። በዚያ ላይ «አላስከተቡትም?» የሚለው ወቀሳ ያዘለ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ጥያቄውን ሁለቱንም ወገን አስይዛችሁ ጻፉ፦ «ልጁ ክትባት ወስዷል ወይስ አልወሰደም?» ከዚያ ሣጥኖቹን በግሥ ሰይሙ፦ «ወስዷል»፣ «አልወሰደም»፣ «አላውቅም»። ጠያቂዎቻችሁም ከመላሹ አፍ ግሡን ሳይሰሙ ምልክት እንዳያደርጉ አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

ድርብ አሉታ ምን ያህል እንደሚጎዳ ማየት ከፈለጋችሁ በ1992 አሜሪካ ውስጥ ሮፐር የተባለው ድርጅት ያካሄደው መጠይቅ አለላችሁ። ናዚዎች አይሁዳውያንን መጨፍጨፋቸው «ፈጽሞ ያልተደረገ መሆኑ ይቻላል ወይስ አይቻልም ይመስልዎታል?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ነበር። 22 በመቶው «ይቻላል» አሉ። አገር ተደናገጠ፤ ከአምስት ሰው አንዱ ታሪኩን ተጠራጠረ ተባለ። በ1994 ጥያቄው በቀላል አነጋገር ተጽፎ እንደገና ሲቀርብ እንዲያ ያለው ሰው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። ሰዎቹ የተሰናከሉት ጥያቄው ላይ ነበር።

5. ጊዜን ሰው በሚቆጥርበት ቁጠሩ

«ባለፈው ዓመት» የሚለውን በጥቅምት ስትጠይቁ አንዱ ከጳጉሜን በፊት ያለውን ያስባል፣ ሌላው ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ያለውን። «ባለፉት 12 ወራት» በሉ፤ መነሻውንም ሰው በሚያስታውሰው ቀን አስሩት፦ «ካለፈው መስቀል ወዲህ»። ሙስሊም መላሾችን በዒድ ወይም በረመዳን ልታስታውሷቸው ትችላላችሁ፤ ግን እነዚህ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብለው ስለሚመጡ የዘንድሮው መቼ እንደዋለ አስቀድማችሁ አስሉ።

የምትወጡበት ወቅትም ያው ጥያቄው ውስጥ አለ። በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ኦርቶዶክስ በሚበዛበት አካባቢ «ባለፉት 7 ቀናት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ተመግበዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምትለኩት ድህነትን አይደለም፤ ጾምን ነው።

ዕድሜ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በግምት ሲነገር 30፣ 35፣ 40 ላይ ይከመራል፤ በሕዝብ ቆጠራችን ሁሉ የታየ ነገር ነው። ለትልልቅ ሰዎች የአካባቢ ክስተቶች ዝርዝር አዘጋጁ፦ በ77 ድርቅ ጊዜ ምን ያህል ነበሩ? በ83 ኢሕአዴግ ሲገባ አግብተው ነበር? ሚሌኒየሙ ሲከበርስ የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር? ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከግምት ይሻላል።

6. አማራጮቹም ያናግራሉ

ሰው የአማራጮቹን ዝርዝር አይቶ «እንግዲህ ሌላው ሰው እዚህ መሀል ነው» ብሎ ያስባል፤ ራሱንም ወደዚያ ያስጠጋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኖርበርት ሽቫርትስና ባልደረቦቹ በ1985 ባወጡት ጥናት ጀርመኖችን በቀን ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን እንደሚያዩ ጠየቁ። አንዱ ዝርዝር ከ«እስከ ግማሽ ሰዓት» ጀምሮ «ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ» ላይ ያበቃል። ሌላው ከ«እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል» ይጀምርና ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ድረስ ይሄዳል። በመጀመሪያው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አያለሁ ያለው 16.2 በመቶ ነው፤ በሁለተኛው 37.5 በመቶ። ስለዚህ ቁጥር ስትፈልጉ ቁጥሩን እንዳለ ጠይቁ፤ በኋላ ራሳችሁ መድቡት።

ዝርዝር መስጠት ራሱ መልስ ይቀይራል። ፒው ከ2008 የአሜሪካ ምርጫ በኋላ ድምፅ ለመስጠት ምን እንደወሰነላቸው ሲጠይቅ፣ ከአምስት አማራጭ ምረጡ የተባሉት 58 በመቶው «ኢኮኖሚ» አሉ። በራሳችሁ ቃል ተናገሩ ከተባሉት ኢኮኖሚን ያነሡት 35 በመቶ ናቸው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ በሙከራው ጊዜ ክፍት አድርጌ እጠይቃለሁ፤ ሰዉ ራሱ የተናገረውን ለቅሜ ለዋናው ጥናት አማራጭ አደርገዋለሁ።

በንባብ የምትጠይቁ ከሆነ አማራጮቹ አጭር ይሁኑ። ሰባት አማራጭ ሲነበብለት ሰው ጆሮው ላይ የቀረውን የመጨረሻውን ይመርጣል። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ በመጠኑ...» እያላችሁ መዘርዘርም አያዋጣም። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች አሥር የባቄላ ፍሬ እጃቸው ላይ ስጡና «ሙሉ በሙሉ ከረኩ አሥሩንም፣ ጨርሶ ካልረኩ ምንም፤ የእርስዎን ያህል እዚህ ያስቀምጡ» በሉ። እጃቸው ፍሬውን ሲቆጥር ማየት ደስ ይላል። ለማሰብም ጊዜ ይሰጣቸዋል።

«ይስማማሉ?» የሚል ጥያቄንም ቀንሱ። እንግዳ ቤት ድረስ መጥቶ «ይስማማሉ?» ሲል ጨዋ ሰው «አዎ» ይላል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ለ2014ቱ የስኮትላንድ ሕዝበ ውሳኔ መንግሥቱ መጀመሪያ ያቀረበው «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን እንዳለባት ይስማማሉ?» የሚል ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ሞክሮት «ይስማማሉ» የሚለው ወደ አዎ ይገፋል ብሎ አስወጣው፤ «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን አለባት?» ተብሎ ቀረበ። ለ2016ቱ የብሪታንያ የአውሮፓ ኅብረት አባልነት ሕዝበ ውሳኔም «ትቆይ?» ብቻ የነበረው ወደ «ትቆይ ወይስ ትውጣ?» ተቀየረ። እናንተም ሁለቱን ሐሳብ አስቀምጡና «ከሁለቱ ለእርስዎ ሐሳብ የሚቀርበው የትኛው ነው?» በሉ።

7. ቅደም ተከተሉን አስቡበት

በ1948 አሜሪካውያን «የኮሚኒስት አገር ጋዜጠኞች እዚህ ገብተው እንዳዩት ይዘግቡ?» ሲባሉ አዎ ያሉት 36 በመቶ ነበሩ። በፊት «የእኛ ጋዜጠኞች ሩሲያ ገብተው ይዘግቡ?» ተብለው ሲመልሱ ግን 73 በመቶው አዎ አሉ። ለራስ የፈቀዱትን ለሌላው መከልከል ያሳፍራልና።

እኛ ዘንድ ቅደም ተከተል የሚያበላሸው አንዱ ጥያቄ የጤና ነው። ሰላምታ እንደጨረሳችሁ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው የምትሰሙት። ይህ የሰላምታው ቅጥያ ነው። ስለ ጤና ካላችሁ መሀል ላይ አድርጉት፤ በዝርዝርም ይሁን፦ «ባለፉት 2 ሳምንታት ሥራ ያስተዋችሁ ሕመም ነበር?»

መግቢያችሁንም ጠብቁ። «ችግርዎን ለማወቅ ነው የመጣነው» ካላችሁ ሰዉ እርዳታ ይጠብቃል። በግ ይደበቃል፣ ገቢ ይቀንሳል። ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ በመልሱ የሚሰጥም የሚነሣም ነገር እንደሌለ በግልጽ ተናገሩ።

8. አንቱታውን ወስኑ

አማርኛ ሳያከብር ወይም ሳያቀርብ፣ ወንድ ወይም ሴት ሳይል መጠየቅ አይችልም። «አለህ/ሽ» ተብሎ በእዝባር የተጻፈ መጠይቅ ጠያቂውን ያደናቅፋል፤ እያንዳንዱ ጠያቂም የመሰለውን ይላል። ሁሉንም በ«እርስዎ» ጻፉት። ለወጣቶች ብቻ ከሆነ ግን የወንድና የሴት ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አንቱ ሲባል ይሸማቀቃል።

ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ ከደረሳችሁ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ማንበብ ካስፈለጋችሁ፣ እንደገና ጻፉት። እግረ መንገዳችሁን «እና»ን ፈልጉ። «በውሃና በመብራት አገልግሎቱ ረክተዋል?» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። መብራት ኖሮ ውሃ የጠፋበት ሰው ምን ብሎ ይመልስ?

9. ሞክሩት

ስምንት ወይም አሥር ሰው ይበቃል፤ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ግን አይሁኑ። ጎረቤት፣ ጥበቃ፣ የሱቅ ባለቤት፣ እናታችሁ። መልሳቸውን ብቻ አትቀበሉ። «አሁን የጠየቅኩዎትን በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» በሉ። «ቤተሰብ ሲባል እነማንን አሰቡ?» በሉ። የምትሰሙት ነገር ያስደነግጣችኋል።

ሁለት አጻጻፍ ካወዛገባችሁ ናሙናችሁን በዕጣ ለሁለት ክፈሉና ለግማሹ አንዱን፣ ለግማሹ ሌላውን ስጡ። ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች ብዙዎቹ የሠሩት ይህንኑ ነው። በጎግል ፎርምም ሁለት ቅጽ አውጥቶ ማድረግ ይቻላል።

በሙከራው ቀን ማታ ጠያቂዎቹ ሲመለሱ ሻይ ጠጥተው ሳይበተኑ አስቀምጧቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «የትኛውን ጥያቄ በራሳችሁ ቃል ማስረዳት አስፈለጋችሁ?» እያንዳንዱ ጠያቂ በየፊናው የሚያስረዳው ጥያቄ እንደየጠያቂው ሌላ ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው። እነዚያን በዚያው ሌሊት አስተካክሉ፤ ዋናው ሥራ ከተጀመረ በኋላ አንድም ቃል አይነካ። ሪፖርቱን ስትጽፉም ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ጥያቄውን፣ በጠየቃችሁበት ቋንቋ፣ ቃል በቃል አስቀምጡት።